የተቋረጠ መስመር ፍለጋ፦ ከሐረር ሽቦ እስከ ኮልፌ ሰርቨር

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ባለጉዳይ በሚበዛበት በአንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ «ኔትወርክ የለም» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ሦስት ቀን ሰንብቶ ነበር። ወረቀቱን የለጠፈው የቢሮው ጸሐፊ ቢሆንም እንዲለጠፍ የፈቀድሁት እኔ ነኝ። በእነዚያ ሦስት ቀናት ከአለም ባንክ፣ ከቤተልና ከአየር ጤና የመጡ ሰዎች ወረቀቱን እያነበቡ ተመልሰዋል። ከእነርሱም መካከል በቀን ሥራ የሚተዳደሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሦስቱንም ቀን የመጡት የዕለት ገቢያቸውን ትተው ነው። በሦስተኛው ቀን ሳይቆጡ፣ ድምፃቸውንም ሳያሰሙ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤ «የት ጋ ነው የጠፋው፣ ልጄ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

የመጽሔታችን አዘጋጆች ከሙያችን ታሪክ አንድ ነገር እንድጽፍ ባዘዙኝ ጊዜ ትዝ ያለኝ ይኸው የሽማግሌው ጥያቄ ነው። ስለ ግንኙነት መሣሪያዎች ታሪክ ሲጻፍ መቼ እንደገቡና ማን እንዳስገባቸው በሰፊው ይተረካል። ተቋርጠው በነበረ ጊዜ ማን፣ በምን ዘዴ፣ የት እንዳገኛቸው ግን እምብዛም አይወሳም። ይሁን እንጂ የሙያው ግማሽ፣ ምናልባትም ከግማሽ የሚበልጠው፣ ያለው እዚያ ነው።

ጥያቄው በአገራችን የመቶ ሠላሳ ዓመት ያህል ዕድሜ አለው። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ሥራው የተጀመረው ከሐረር አዲስ አበባ የሚደርሰው የስልክ መስመር 477 ኪሎ ሜትር ርዝመት ነበረው። የዚያ ዘመን ታሪክ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚወራው የሰው ድምፅ በሽቦ ሲመጣ የሰሙ ሰዎች መደንገጣቸው ነው። ወጉ ጣፋጭ ቢሆንም ለእኛ ለባለሙያዎች ዋናውን ጉዳይ ይሸፍንብናል። ሽቦውን መዘርጋት አንድ ነገር ሲሆን፣ ተዘርግቶ እንዲኖር ማድረግ ደግሞ ሌላ ነው። በየጊዜው ስለ መስመሩ የጻፉ ሰዎች እንደሚነግሩን፣ የእንጨቱን ምሰሶ ምሥጥ ይበላዋል፤ ዝሆን ይገፈትረዋል፤ ዝንጀሮ በሽቦው ላይ ይንጠላጠላል፤ ሰውም ሽቦውን ለራሱ ጉዳይ ይቆርጠዋል። ዝሆኑም ምሥጡም ለቤተ መንግሥቱ የሚያሰሙት አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ዝምታ።

እንግዲህ በዚያ ሁሉ በረሃና ተራራ ውስጥ አንዲቱን የተቆረጠች ቦታ ማግኘት የሚቻለው እንዴት ነው? ከጫፍ ተነሥቶ በእግር መሄድ የሚያስፈልገውን ቀን እናንተው ገምቱት። ነገር ግን በመንገዱ ላይ የስልክ ጣቢያዎች ስላሉ፣ ከመካከለኛው ጣቢያ ሆኖ ወደ ሁለቱም ወገን የሚጣራ ሰው ቢያንስ አንደኛው ወገን ደኅና መሆኑን ወዲያው ያውቃል። ከዚያም የቀረውን ግማሽ እንደገና ለሁለት ይከፍለዋል። 477 ኪሎ ሜትር 9 ጊዜ በግማሽ በግማሽ ቢከፈል የሚቀረው ከአንድ ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው። ጣቢያዎቹ ያን ያህል አልበዙም፤ ስለዚህ የመጨረሻውን መንገድ በበቅሎም ሆነ በእግር መሄድ ግድ ነው። ዘዴው ግን ዛሬም ከእጃችን አልወጣም።

በኋላ ሒሳብ ለእግር አገዘው። እ.ኤ.አ. በ1833 ሳሙኤል ሀንተር ክሪስቲ የፈለሰፈውና በ1843 ቻርልስ ዊትስቶን ለዓለም ያስተዋወቀው የኤሌክትሪክ ድልድይ በስልክ ማዕከላት የፍተሻ ጠረጴዛ ላይ ቦታ አገኘ። በዚህ መሣሪያ የሽቦውን ተቃውሞ የሚለካ ባለሙያ ከወንበሩ ሳይነሣ ብልሽቱ ያለበትን ርቀት ያሰላል። የመስመር ሠራተኛውም መሰላሉን ይዞ ወደ ተባለው ምሰሶ ይሄዳል። የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1952 ሲቋቋም ይህ ሙያ በዓለም ላይ የበሰለ ነበር። የስልክ ብልሽት ሲጠገን በመዝገብ ይያዝ ነበር፤ የተነገረበት ሰዓት፣ የተለካው ርቀት፣ የተገኘው ምክንያትና የጠጋኙ ስም ይጻፋል። (በነገራችን ላይ የኮልፌ አጠና ተራ ነጋዴዎች ዛሬም የሚሸጡት ባሕር ዛፍ በብዙው አገራችን ሽቦ ተሸክሞ የኖረ እንጨት ነው። ሰፈሩ ለዚህ ታሪክ እንግዳ አይደለም።)

ኮምፒዩተሮች እርስ በርሳቸው መነጋገር ሲጀምሩ ይኸው ታሪክ በአንዲት ሕንፃ ውስጥ እንደገና ተደገመ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1973 ሮበርት ሜትካፍ የተባለው መሐንዲስ በዜሮክስ ኩባንያ የፓሎ አልቶ ምርምር ማዕከል ሳለ ኤተርኔት የተባለውን ዘዴ በጽሑፍ አቀረበ። ሐሳቡ አንድ ወፍራም ገመድ በሕንፃው ውስጥ እንዲያልፍና ሁሉም ኮምፒዩተር በእርሱ ላይ እንዲናገር ነው። ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ቀጭኑ ገመድ አንድ ክፍሉ እስከ 185 ሜትር ሊረዝም ይችላል። በሁለቱም ጫፍ ላይ 50 ኦም ያለው ትንሽ መዝጊያ ይደረግበታል። አንድ ሠራተኛ ጠረጴዛውን ሲያዞር ያን መዝጊያ ቢነቅለው፣ የተላከው ሞገድ ከጫፉ እንደ ገደል ማሚቶ እየተመለሰ ከሚቀጥለው ጋር ይጋጫል። በዚህ ጊዜ አንዱ ኮምፒዩተር ብቻ ሳይሆን የቢሮው ሁሉ ኮምፒዩተር ሰርቨሩን ያጣል። ከአንጋፋ የማኅበራችን አባላት ጋር ስለዚያ ገመድ ማውራት የጀመረ ሰው በቶሎ አይላቀቅም።

እ.ኤ.አ. ከ1990 ወዲህ የተስፋፋው የተጠማዘዘ ሽቦ ለእያንዳንዱ ኮምፒዩተር እስከ 100 ሜትር የሚደርስ የራሱን መስመር ሰጠው። አንዱ ቢበጠስ ሌላው አይነካም። ሆኖም ችግሩ ቦታ ለወጠ እንጂ አልጠፋም፤ መስመሮቹ ሁሉ የሚገናኙባት ስዊች የምትባለው ሣጥን የሁሉም ጉሮሮ ሆነች። እኔ በየቢሮው ያየኋት ብዙ ጊዜ ከጠረጴዛ ሥር፣ ከመጥረጊያና ከአሮጌ መዝገብ ጋር ተቀምጣ ነው። ለኮምፒዩተሮቹና ለሰርቨሩ ዩፒኤስ ተገዝቶ ለስዊቿ ሳይገዛላት ይቀራል። መብራት ብልጭ ብሎ ሲመለስ ኮምፒዩተሩ አይጠፋም፤ ሰርቨሩም አይጠፋም፤ በመካከል ያለችው ግን ጠፍታ እስክትነሣ ድረስ ሁሉም በአንድ ድምፅ «ሰርቨሩ ጠፋ» ይላል።

የዛሬው የፍተሻ ጠረጴዛችን ፒንግ የተባለችው ትንሽ ፕሮግራም ናት። ማይክ ሙስ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1983 በአንድ ምሽት እንደ ጻፋት ራሱ ተርኳል። ስሟንም የወሰደው የባሕር ሰርጓጅ መርከብ ድምፅ ልኮ ከሚጠባበቀው መሣሪያ ነው። አንዲት ትንሽ መልእክት ትልካለች፤ መልሱ በስንት ጊዜ እንደ ደረሰ ትናገራለች። ከራስ ኮምፒዩተር ተነሥቶ ወደ ስዊች፣ ከዚያ ወደ ራውተር፣ ከዚያም ወደ ሰርቨር መላክ ያንኑ የሐረርን መስመር ከመካከል መጣራት ማለት ነው። አንድ ጉድለት ግን አላት። መንገዱ ክፍት መሆኑን ትነግረናለች እንጂ በሩ መከፈቱን አትነግረንም። እኔን ያሳሳተችኝም በዚሁ ነው።

ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ስለ ወረዳኔት ጥቂት ልበል። በ1990ዎቹ ዓመተ ምሕረት መጨረሻ ገደማ የተዘረጋው ይህ መረብ ከ500 በላይ ወረዳዎችን ከማእከል ጋር ሲያገናኝ፣ ሩቆቹን ያገናኘው በሳተላይት ነው። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። ጥያቄ ወጥቶ፣ ወርዶ፣ መልሱም ወጥቶ ሲወርድ ወደ 144,000 ኪሎ ሜትር ስለሚሆን በብርሃን ፍጥነት እንኳ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ለአንድ ቢሮ ተብሎ የተሠራ ፕሮግራም አንድ ገጽ ለመክፈት 200 ትንንሽ ጥያቄዎችን በየተራ የሚልክ ከሆነ፣ በሕንፃ ውስጥ ሳይታወቅ የሚያልፈው ሥራ በሳተላይት 100 ሰከንድ ይጠይቃል። ፕሮግራሙም ታግሶ አይጠብቅም፤ «ግንኙነቱ ተቋርጧል» ይላል። መስመሩ ግን አልተቋረጠም ነበር። ባልተቆረጠ ሽቦ ላይ መቆረጥ የሚታይበት ዘመን የመጣው እንዲህ ነው።

ወደ ኮልፌው ቢሮ ልመለስ። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ከአሥራ ሁለቱ ኮምፒዩተሮች ሰባቱ በሰርቨሩ ላይ ያለውን የጋራ መዝገብ መክፈት ተሳናቸው። ከሰባቱም ፒንግ ላክሁ፤ መልሱ በደኅና መጣ። ያኔ ቆም ብዬ ማሰብ ይገባኝ ነበር፤ አላደረግሁትም። ከዚያ በፊት በነበረው ወር የውጪው መስመር ደጋግሞ ተቋርጦ ስለነበር ጥፋተኛውን አስቀድሜ መርጬ ነበር። ለአገልግሎት ሰጪው ድርጅት ጠንከር ያለ ደብዳቤ ጽፌ ፈረምሁበት። በማግሥቱ የመጣው ቴክኒሽያን ከምሰሶው ጀምሮ እስከ ቢሮው ድረስ መስመሩን ለካ፤ ምንም አላገኘም። ሲሄድም «ሰርቨሩ እኮ ያለው እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው» አለኝ። እውነቱን ነበር። መዝገቡ የተቀመጠበት ሰርቨር ከሠራተኞቹ 30 ሜትር እንኳ አይርቅም፤ የውጪው መስመር ቢቆረጥም ባይቆረጥም ለእርሱ ለውጥ አልነበረውም።

በሦስተኛው ቀን፣ ሽማግሌው ጥያቄያቸውን ጥለውብኝ ከሄዱ በኋላ፣ አንድ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጬ ሠራተኛው ሁሉ ሳያነብ የሚዘጋትን የእንግሊዝኛ መልእክት አነበብኋት። የዚህ ኮምፒዩተር ሰዓት ከሰርቨሩ ሰዓት ጋር አይስማማም ትላለች። ቀና ብዬ ሰዓቱን አየሁት፤ ስድስት ሰዓት ይጎድለዋል።

«እትዬ፣ ይህን ሰዓት ማን ነካው?» አልኋቸው የመዝገብ ቤቷን ሠራተኛ።

«እኔ ነኝ፣ ልጄ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ዘጠኝ ይላል። ተሳስቷል ብዬ አስተካከልሁት፤ የጓደኞቼንም አስተካከልሁላቸው» አሉኝ።

ሴትዮዋ አልተሳሳቱም። ቀኑ ከንጋት ጀምሮ ለሚቆጠርበት አገር ሰው ዘጠኝ ሰዓት ከቀትር በኋላ ነው። ነገር ግን ሰርቨሮች የሰውን ማንነት የሚያረጋግጡበት ኬርቤሮስ የሚባል ሥርዓት አለ፤ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የተሠራ ነው፤ ስሙን ያገኘው በግሪኮች ተረት የሙታንን አገር በር ከሚጠብቀው ውሻ ነው። ይህ ዘበኛ ለሚገባው ሁሉ የጊዜ ገደብ ያለው ትኬት ይሰጣል፤ ትኬት የሰረቀ ሰው ቆይቶ እንዳይጠቀምበት የሁለቱም ወገን ሰዓት እንዲቀራረብ ይፈልጋል። በተለመደው አሠራር የሚታገሠው የ5 ደቂቃ ልዩነት ነው። እኛ 360 ደቂቃ ይዘን መጣንበት። በአንድ ቀን የተሰጠ ትኬት እስከ 10 ሰዓት ስለሚያገለግል፣ ሰዓቱ የተነካ ዕለት ሥራው ሳይቆም ውሎ የቆመው በማግሥቱ ነው። ምክንያትና ውጤት በአንድ ሌሊት በመለያየታቸው ማንም አላገናኛቸውም።

ኮምፒዩተሮቹን ከሰርቨሩ ጋር በራሱ የሚያስማማው አገልግሎት በእነዚያ ማሽኖች ላይ ቆሞ ተገኘ። ለሠራተኛው ሁሉ የአስተዳዳሪ ሥልጣን የሰጠሁት ደግሞ «በየሰዓቱ እንዳይጠሩኝ» ብዬ ነበር። ከሰባቱ ሁለቱን ማንም አልነካቸውም። የማዘርቦርዳቸው ክብ ባትሪ፣ 3 ቮልት ያላት ሲአር 2032፣ ስላለቀች ማታ ማታ መብራት ሲጠፋ ቀናቸው ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለስ ነበር። ሁሉንም አስተካክዬ ወረቀቱን ከመስኮቱ ላይ እስካነሣ አርባ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ለአገልግሎት ሰጪው ድርጅት ሁለተኛ ደብዳቤ ጽፌ የፊተኛውን ሻርሁ። ያን ቴክኒሽያን ግን በአካል አግኝቼ ይቅርታ ለመጠየቅ አልታደልሁም። ሽማግሌው በአራተኛው ቀን መጥተው ጉዳያቸው ተፈጸመላቸው፤ የት እንደ ጠፋም ነገርኋቸው። «ሰዓት ላይ?» ብለው ሳቁ።

ከዚያ ወዲህ በቢሮው ሁለት ነገር አድርገናል። በመዝገብ ቤቱ ግድግዳ ላይ በእኛ አቆጣጠር የሚሄድ ትልቅ ሰዓት ተሰቅሏል፤ የኮምፒዩተሩን ሰዓት የሚነካ የለም። በሰርቨሩ ክፍል በርም ላይ በገመድ የታሰረ ደብተር አለ። ማን እንደ ተቋረጠበት፣ በስንት ሰዓት፣ ጎረቤቱ ይሠራ እንደሆነና እንዳልሆነ፣ መብራት ጠፍቶ እንደሆነ፣ ምን እንደ ተገኘ ይጻፍበታል። አሮጌው የመስመር ሠራተኛ መዝገብ ማለት ነው። «ኔትወርክ የለም» ብሎ ብቻ መጻፍ በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ተከልክሏል። በደብተሩ ላይ ከሁሉ አብልጠው የሚጽፉት እኒያው የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ናቸው። ሰዓቱን የሚጽፉት በአገራችን አቆጣጠር ነው፤ የሰርቨሩ መዝገብ ደግሞ በፈረንጆቹ ይቆጥራል። ሁለቱን ለማስተያየት ስቀመጥ በእርሳቸው ሰዓት ላይ ስድስት እየደመርሁ በኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ እጽፋለሁ።