የኋለኛው ሲሊንደር

አጎቴ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናቸው። ከደብረ ሲና በታች፣ ወደ ሸዋ ሮቢት በሚወስደው ቆላ፣ ከቀበሌ ቀበሌ በሞተር ሳይክል እየዞሩ ከብት ይከትባሉ። ባለፈው ክረምት ሞተሩ እየጋለ አስቸገራቸው። ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል፤ ከሥር የሚወጣው ሙቀት ጭን ይለበልባል። አንድ ቀን ጭራሽ መንገድ ላይ ቀጥ አለ፤ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ነበር። ፒስተንና ፋሻ ተቀየረለት፤ ብዙ ብር ወጣ። ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ያው መጋል ጀመረ።

ቤተሰቡ ተመካክሮ ለእኔ ደወለ። እኔ የሶፍትዌር ሰው ነኝ፤ ዲግሪዬ ስለ ፒስተን የነገረኝ ነገር ቢበዛ የአንድ ሴሚስተር ነው። እኛ ቤት ግን ኢንጂነር ያው ኢንጂነር ነው፤ ቴሌቪዥን ቢበላሽም የሚደወለው ለእኔ ነው። ስልክ ላይ መጀመሪያ ያልኩት ነገር እስካሁን ያሳፍረኛል።

«ጋሼ፣ ለመሆኑ ዘይት በጊዜው ይቀይራሉ?»

ዝም አሉ። ከዚያ፣ «የሰው ከብት ቀን ሳላሳልፍ የምከትብ ሰውዬ የራሴን ዘይት የማልቀይር ይመስልሃል?» አሉና ስልኩን ለአክስቴ ሰጧት።

ያን ሰሞን ማታ ማታ ስለ ሞተር ሙቀት ማንበብ ያዝኩ። ቤንዚን ሲቃጠል ከሚሰጠው ኃይል ጎማ የሚያዞረው ከሩብ ብዙም አይበልጥም። የቀረው ሙቀት ነው፤ ከፊሉ በማርሚታ ይወጣል፣ ከፊሉ በሲሊንደሩ ግድግዳ በኩል። ውስጥ ያለው እሳት ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፤ ንጹሕ አሉሚኒየም ደግሞ በ660 ዲግሪ ይቀልጣል። የአሉሚኒየም ፒስተን እንደ ቅቤ የማይቀልጠው ሙቀቱን ቶሎ ቶሎ የሚወስድለት ስላለ ብቻ ነው። በአየር በሚቀዘቅዝ ሞተር ላይ ወሳጁ ነፋስ ነው። ሲሊንደሩን የከበቡት ስስ የብረት ክንፎችም ለጌጥ የተሠሩ አይደሉም፤ ነፋሱ የሚዳስሰው ገጽ እንዲሰፋ ነው።

ንባቡ እየጎተተ ወደ ሙኒክ ወሰደኝ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ የቬርሳይ ውል ጀርመን የአውሮፕላን ሞተር እንዳትሠራ ከለከለ። ቢኤምደብሊው ደግሞ እስከዚያ የሚኖረው በአውሮፕላን ሞተር ስለነበር ሌላ እንጀራ መፈለግ ነበረበት። ማርቲን ሽቶለ የተባለ የድርጅቱ ባለሙያ ዳግላስ የምትባለውን የእንግሊዝ ሞተር ሳይክል መርምሮ፣ ከእሷ ተነስቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1920 አካባቢ 494 ሲሲ የሆነ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር ሠራ። ሲሊንደሮቹ ጀርባ ለጀርባ የተኙ ናቸው፤ እንደ ዳግላስ ሁሉ አንዱ ወደ ፊት ጎማ፣ ሌላው ወደ ኋላ ጎማ ይመለከታል። ይህ አቀማመጥ ምክንያት ነበረው፤ ሞተሩ እንዲያ ሲቀመጥ ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ በቀበቶ ወይም በሰንሰለት መውሰድ ይቀላል።

ሞተሩ ከተገጠመባቸው አንዷ ሄሊዮስ ትባል ነበር፤ የግሪኮች የፀሐይ አምላክ ስም ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል የሚሉት ለካ ለሞተር ሳይክልም ይሠራል። የፊተኛው ሲሊንደር ነፋሱን ቀድሞ ይጠጣል። ለኋለኛው የሚተርፈው ፊተኛው ያሞቀው፣ በራሱ በሞተሩ ገላ የተከለለ ትርፍራፊ አየር ነው። ስለዚህ የኋለኛው ይግላል።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አሰብኩ። ያ ጋራዥ ውስጥ ብሆን ምን አደርግ ነበር? የጋለውን ሲሊንደር እፈታ ነበር። ክንፎቹን አስረዝም፣ ዘይቱን እቀይር፣ ካርቡራቶሩን እነካካ ነበር። በሥራዬም የማየው ይኸው ነው፤ ሰርቨር ሲወድቅ ሁላችንም የወደቀችዋን መስመር ከበን እንቆማለን፤ እሷ ግን ብዙ ጊዜ የሌላውን ጥፋት ተሸክማ የወደቀች ናት። የኋለኛው ሲሊንደር ምንም አልጎደለውም ነበር። ከፊተኛው የሚለየው የቆመበት ቦታ ብቻ ነው።

ጉዳዩ ማክስ ፍሪዝ ዘንድ ደረሰ። ፍሪዝ የአውሮፕላን ሞተር ነዳፊ ነበር፤ ነፋስን ከመጀመሪያው የሥራው ክፍል አድርጎ የሚያይ ሰው ይመስለኛል። ሞተሩን በ90 ዲግሪ አዞረው። አንዱ ሲሊንደር በግራ፣ አንዱ በቀኝ ወጣ፤ ሁለቱም እኩል ነፋስ ፊት ቆሙ። እንዲህ ሲዞር የሞተሩ ዋና ዘንግ ከፊት ወደ ኋላ ስለተጋደመ፣ ሰንሰለቱ ቀርቶ ኃይሉ በዘንግ ወደ ኋላ ጎማ ሄደ። አር 32 የተባለችው ሞተር ሳይክል እ.ኤ.አ. በ1923 ወጣች፤ መጠኗ ያው 494 ሲሲ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላም ድርጅቱ በዚያው አቀማመጥ ይሠራል። (በነገራችን ላይ እንዲህ ግራና ቀኝ የተኛ ሞተር ቦክሰር ይባላል። በየገጠሩ የምናየው ባጃጅ ቦክሰር ግን አንድ ሲሊንደር ብቻ ነው ያለው፤ ስሙን ይዞ ነው የሚሮጠው።)

ፍሪዝ ልክ እንደነበር በቁጥር የሚያሳየው ታሪክ የመጣው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው፤ ለዚያውም ከጠላት አገር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ጦር ዋና ሞተር ሳይክል የሃርሊ ዴቪድሰን ደብሊውኤልኤ ነበረች። ሁለቱ ሲሊንደሮቿ እንደ ቪ ፊደል ተከፍተው አንዱ ከአንዱ ኋላ ይቆማሉ። ለበረሃ ውጊያ የጀርመኖቹን የመሰለ ሲፈለግ ሃርሊ የቢኤምደብሊውን አቀማመጥ ቀድቶ ኤክስኤ የተባለችውን ሠራ፤ 1,000 ያህል ብቻ። የሁለቱ ሞተሮች መጠን 740 ሲሲ ገደማ ነው፤ የሠራቸውም አንድ ፋብሪካ ነው። የኤክስኤ ዘይት ግን ከሌላኛዋ በ56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀዘቅዝ ነበር። ልዩነቱ ሁሉ ከአቀማመጥ ብቻ የመጣ ነው ብዬ አልምልም፤ ግን 56 ዲግሪ ቀላል አይደለም። ጂፕ መጥቶ ሥራዋን ወሰደባትና ኤክስኤ እዚያው ቀረች።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ወደ አጎቴ ወረድኩ። ሰላምታቸው ቀዝቀዝ ያለ ነበር። ዘይቱን አየሁ፤ ሙሉ ነው፣ ንጹሕ ነው። አንገቴን ደፋሁ። ካንዴላውን ፈታሁ። (ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ፍሪሲዮን፤ ጋራዦቻችን ዛሬም በጣልያንኛ ነው የሚታመሙት።) ነጭ ቢሆን ቤንዚን አንሶታል፣ ጥቀርሻ ቢሆን በዝቶበታል ማለት ነው። የእሳቸው የማኪያቶ ቀለም ነበረው። ቤንዚኑም ጤነኛ ነው።

ከዚያ ከፊት ጎማው ፊት ሄጄ መሬት ላይ ተቀመጥኩ፤ ነፋሱን ሆኜ ሲሊንደሩን ልፈልግ። አልታየኝም። መከላከያው ብረት ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ወፍራም ሸራ ተወጥሮ ታስሯል። ስገልጠው የሲሊንደሩ ክንፎች መሐላቸው በደረቀ ጭቃ ተደፍኗል፤ ልክ እንደ ተለሰነ ግድግዳ።

«ይህን መቼ አሰሩት?»

«ሰኔ ሲገባ። ጣርማ በር ስወጣ ብርዱ ጉልበቴን ፈጀኝ፤ ጭቃውም አለ። አክስትህ ናት የሰፋችልኝ።»

መጋል የጀመረውም ሰኔ ላይ ነው። መካኒኩ ሁለቱንም ጊዜ ሸራውን ፈትቶ ሠርቷል፣ ያለ ሸራ ነድቶ ሞክሯል፣ ደህና ነው ብሏል፣ ከዚያ በጥንቃቄ መልሶ አስሮ አስረክቧል። ሰውየው ሥራውን አላበላሸም። በሽታውን እጁ ላይ ይዞ ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጠው ነበር እንጂ።

ጭቃውን በእንጨትና በውኃ ስናወጣ ግማሽ ቀን ፈጀብን። አክስቴ ከበሩ ላይ ቆማ ታየን ነበር። ማንም ምንም አላላትም፤ እሷ ግን ገባት። ገብታ መቀስ ይዛ ወጣች። ሸራውን መሐል ለመሐል ቀድዳ ሁለት አደረገችው፣ ጠርዙን ቀመቀመች፣ አንዱን በግራ ጉልበት፣ አንዱን በቀኝ ጉልበት በኩል አሰረች። መሐሉ ክፍት ሆነ።

ጋሼ በማግስቱ ጣርማ በር ደርሰው ተመለሱ። እጃቸውን ታንከሩ ሥር አስገብተው ዳሰሱና ዝም ብለው ወደ ቤት ገቡ።

ከዚያ ወዲህ ስልክ ሲደውሉልኝ ሰላምታ የለም። መጀመሪያ የሚሉት፣ «ኢንጂነር፣ ዘይት ቀይሬያለሁ» ነው።