«ሃሎ… ሃሎ»፦ አጭር የመዘግየት ታሪክ

«ሃሎ? ይሰማል?» ዝምታ፡፡ «ሃሎ!» ከዚያም ከዚህም እኩል፡፡ ከዚያ ሁለቱም ዝም፡፡

በ2000ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ኢንተርኔት ቤት ገብቶ ውጭ አገር ካለች እህቱ ጋር ያወራ ሰው ይህን ጨዋታ አይረሳውም፡፡ እኛም አልረሳነውም፡፡ በደቂቃ እየከፈልን ግማሹን «ሃሎ» በማለት ጨርሰነዋል፡፡ ያኔ የምንሰድበው አላጣንም፡፡ ግን ጥፋቱ የማን ነበር?

እስቲ ወደኋላ እንመለስ፡፡ የአገራችን የቴሌኮም ታሪክ ሲወራ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1894 ሥራው በተጀመረው የሐረር–አዲስ አበባ የስልክ መስመር ይጀመራል፡፡ ርዝመቱም ይነገረናል፤ 477 ኪሎ ሜትር፡፡ ኢንተርኔት በ1997 ገባ ይባላል፡፡ ዓመቱና ርዝመቱ አለ፡፡ መልእክቱ ለመድረስ ስንት ጊዜ ፈጀ? ይህን የሚጠይቅ ጥቂት ነው፡፡

ያኔ የውጭው ግንኙነት በሳተላይት ነበር፡፡ ሳተላይቱ ያለው 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፡፡ ድምፃችን ወጥቶ እስኪወርድ 72 ሺህ ኪሎ ሜትር ይጓዛል፡፡ በብርሃን ፍጥነት እንኳ 240 ሚሊ ሴኮንድ ይፈጃል፡፡ መልሱም ሌላ 240፡፡ ግማሽ ሴኮንድ የሚጠጋው የሰማዩ ዕዳ ነበር ማለት ነው፡፡ የቀረውስ?

ይህን ለመለየት መለካት ያስፈልጋል፡፡ በ1983 ማይክ ሙስ የተባለ አሜሪካዊ «ፒንግ» የተባለችውን ትንሽ ፕሮግራም ጻፈ፤ መልእክት ልካ የመልሱን ጊዜ ትቆጥራለች፡፡ ኢተርኔት ግን በ1973 በሮበርት ሜትካፍ ሲታሰብ የአንድ ሕንፃ ኮምፒውተሮችን ለማገናኘት ነበርና ማንም ስለ መዘግየቱ አልተጨነቀም፡፡ በኋላ የቴሌኮም ድርጅቶች ኢተርኔትን ከተማ አሻግረው መሸጥ ሲጀምሩ ደንበኛው «ስንት ይዘገያል?» አለ፡፡ ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በ2006 «ዋይ.1731» በሚባለው ደንብ የመለኪያውን መንገድ አስቀመጠ፡፡

መንገዱ ሰፈራችን ያውቀዋል፡፡ እናት ልጇን ከተክለ ሃይማኖት መርካቶ ትልካለች፡፡ በእሷ ሰዓት 3፡00 ወጣ፣ 3፡50 ተመለሰ፡፡ ባለ ሱቁ «20 ደቂቃ እኔ ጋ ቆይቷል» ይላል፡፡ ስለዚህ መንገዱ ደርሶ መልስ 30 ደቂቃ ፈጀ፡፡ የባለ ሱቁ ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር 9 ቢልም ግድ የለም፤ የምንፈልገው እሱ ጋ የቆየበትን ልዩነት ብቻ ነው፡፡ ፍሬም የሚባለው የመረጃ እሽግም እንዲሁ ነው፡፡ የወጣበት፣ የደረሰበት፣ ከዚያ የተነሳበትና የተመለሰበት ሰዓት ይመዘገባል፤ ከዚያ ይቀነሳል፡፡

ታዲያ 30ን ለሁለት ከፍለን «መሄጃው 15 ነው» ማለት አንችልም፡፡ መሄጃው ዳገት፣ መመለሻው ቁልቁለት ቢሆንስ? የአንዱን አቅጣጫ ብቻ ለማወቅ የሁለቱም ወገን ሰዓት መግጠም አለበት፤ ለዚህም ጂ.ፒ.ኤስ.ን የመሰለ የጋራ ሰዓት ያሻል፡፡

ዛሬ የውጭው መረጃ በአብዛኛው የሚሄደው በፋይበር ነው፡፡ በመስታወት ውስጥ ብርሃን 200 ኪሎ ሜትሩን በ1 ሚሊ ሴኮንድ ይጨርሳል፡፡ እስከ ጅቡቲ 900 ኪሎ ሜትር ነው ብንል 4.5 ሚሊ ሴኮንድ መሆኑ ነው፡፡ የሰማዩ ዕዳ ተከፍሏል፡፡ ከዚህ በላይ የሚባክን ጊዜ ካለ ወይ መስመሩ ይዞራል፣ ወይ መሣሪያዎቹ ላይ ወረፋ አለ፡፡ ሁለቱም የሰው ሥራ ናቸው፤ ሊስተካከሉም ይችላሉ፡፡

የመለኪያው ጥቅም እዚህ ላይ ነው፡፡ «ኔትወርኩ ይዘገያል» ስንል ተራ ምሬት ነው፤ «ይህን ያህል ዘገየ» ስንል ግን መልስ የሚሰጥ ሰው ይኖራል፡፡ ያኔ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ዝም ብለን ከመሳደብ ብንለካ ኖሮ፣ ቢያንስ ስድባችንን ለሰማዩና ለሰው በትክክል እናካፍለው ነበር፡፡

ቸር እንሰንብት፡፡