የመኪና ቴፕ፣ ርካሽ ድምፅ እና የዘፋኙ ስም፦ ከሸክላ እስከ ፍላሽ በጎንደርና በሰሜን ጎንደር ደጋ መንገዶች

(ለሕዝብ ክፍት ሆኖ በፋኩልቲያችን የቀረበ ገለጻ ግልባጭ፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ የታረመ)



በታሪክ ትምህርት ክፍል ጉባኤ ላይ ስለ መኪና ቴፕ መናገር ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ጎንደር ከተነሣ አድማጭ የሚጠብቀው አብያተ መንግሥቱን፣ የብራና መጻሕፍቱን ወይም የቅኔ ጉባኤውን ነው። ሆኖም የአንድ ማኅበረሰብ ጆሮ የሚሰማው ነገርም ታሪክ አለው፤ ይህም ታሪክ ብዙ ጊዜ ከዕቃ ዋጋ ጋር የተያያዘ ነው። ከጎንደር ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ ደባርቅ የሚደርስ ሚኒባስ፣ ከዚያም ሊማሊሞን ወርዶ ወደ ዛሪማና አዲ አርቃይ የሚያልፍ አይሱዙ ምን ያሰማል? ማንስ መረጠው? ሹፌሩ ፍላሽ የሚያጫውት ርካሽ ቴፕ ሲገዛ ያተረፈውን ገንዘብ በምትኩ የከፈለ ማን ነው?

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ርካሹ ቴፕ ለመንገደኛው ብዙ ድምፅ ሰጥቶታል። የከፈልነው በዘፋኙ ስም ነው። ስም የሌለው ድምፅ ደግሞ ለታሪክ ባለሙያ ምስክርነቱ ጎደሎ ነው።

መኪናና የተቀረጸ ድምፅ

በአገራችን የመኪና ታሪክና የተቀረጸ ድምፅ ታሪክ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ይገናኛሉ። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ፣ የመኪና ሙያ እንዲማሩ ወደ ጀርመን ተላኩ። በዚያ በቆዩበት ጊዜም በርሊን ውስጥ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ። እነዚህ ቅጂዎች በኢትዮጵያ ሙዚቃ ታሪክ ከመጀመሪያዎቹ ይቆጠራሉ፤ ከመቶ ዓመት በኋላም፣ እ.ኤ.አ. በ2011፣ የኢትዮፒክስ ተከታታይ እትም 27ኛ ክፍል ሆነው እንደገና ታትመዋል። ከምዕተ ዓመት በኋላ ድምፁን ሰምተን «ይህ ተሰማ እሸቴ ናቸው» ለማለት የቻልነው ድምፁ ከስሙ ጋር አብሮ ስለ ተቀመጠ ነው።

ከዚያ በኋላ ሸክላ ማሳተም ለረጅም ጊዜ በመንግሥት ፈቃድ የተገደበ ሆነ። በ1940 ዓ.ም. ገደማ የወጣው ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም ሥልጣኑን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ነበር። አቶ አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ይህን ክልከላ ደፍረው በራሳቸው ስም ማሳተም ጀመሩ፤ አሊ አብደላ ካይፋም ተከተሉ። የከተማው ወጣት የሚያደንቃቸውን ድምፃውያን በየስማቸው መግዛት የቻለው ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ነው። ይሁን እንጂ ሸክላ የቤትና የቡና ቤት ዕቃ ነበር። መርፌው መንገጫገጭን አይችልምና ሊማሊሞን አይወርድም።

ያን ችግር የፈታው ካሴት ነው። የፊሊፕስ ኩባንያ ካሴትን እ.ኤ.አ. በ1963 አስተዋወቀ፤ በ1968 ደግሞ የመኪና ካሴት ማጫወቻ አቀረበ። በአገራችን የሸክላው ዘመን በ1960ዎቹ መጨረሻ ሲያከትም ካሴት ቦታውን ወረሰ፤ በደርግ ዘመንና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት የሙዚቃ ቤቶች መተዳደሪያ ሆነ። እንደ ይርጋ ዱባለ ያሉ የጎንደር ድምፃውያን በመላ አገሪቱ የታወቁት በሬዲዮና በካሴት ነው። በአካባቢያችን የአዝማሪዎች መንደር ተብላ በምትታወቀው በቡርባክስ ያደገ ባለ ማሲንቆም በሠርግ ቤት ያለ ደመወዝ የገጠመውን ስንኝ በካሴት ሊያሸጠው ቻለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የካሴት ሽፋን ወረቀት ነበረው። በወረቀቱ ላይ የድምፃዊው ፎቶግራፍ፣ የዘፈኖቹ ዝርዝር፣ የግጥምና የዜማ ደራሲዎች ስም፣ የሙዚቃ ቤቱ አድራሻ ይሰፍራል። ከጓደኛ የተቀዳ ካሴት እንኳ በጎኑ ላይ በእስክሪብቶ ስም ይጻፍበት ነበር፤ ያለበለዚያ ሹፌሩ ከመኪናው መሳቢያ ውስጥ የሚፈልገውን ለይቶ ሊያወጣ አይችልም። ስሙ የተጻፈው ለታሪክ ተብሎ አልነበረም። ዕቃው ራሱ ስም ስላስፈለገው ነው።

ከክር ወደ ፋይል

ኤምፒ3 ተብሎ የሚታወቀው የድምፅ አጨማመቅ በጀርመኑ የፍራውንሆፈር ተቋም ተመራማሪዎች ግንባር ቀደም ተሳትፎ የተሠራ ሲሆን፣ ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1993፣ የፋይል መጠሪያውን ያገኘው በ1995 ነው። አሠራሩ በሰው ጆሮ ጠባይ ላይ የቆመ ነው። ከፍ ያለ ድምፅ በአጠገቡ ያለውን ዝቅ ያለ ድምፅ ይሸፍነዋል፤ ስለዚህ ጆሮ የማይለየውን ክፍል መጣል ይቻላል። የሲዲ ድምፅ በሰከንድ 1,411 ኪሎ ቢት ሲፈጅ፣ የተለመደው የኤምፒ3 ፋይል 128 ይበቃዋል። ልዩነቱ 11 እጥፍ ያህል ነው።

ይህን ወደ መንገዳችን እናምጣው። የ60 ደቂቃ ካሴት የአንድ ሰዓት ሙዚቃ ይይዛል። 4 ጊጋ ባይት የሚይዝ፣ ዛሬ በጣም ትንሽ የሚባል ፍላሽ በዚያው በ128 ልክ ወደ 69 ሰዓት ይይዛል፤ ማለትም የ69 ካሴቶችን ይዘት። ከጎንደር እስከ ደባርቅ ያለው 100 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከሁለት ሰዓት በላይ ቢወስድ እንኳ፣ አንድ ዘፈን ሳይደገም ደጋግሞ ሄዶ የሚያስመጣ ሙዚቃ ነው። በአውራ ጣት ልክ በሆነች ዕቃ ውስጥ አንድ የሙዚቃ ቤት መደርደሪያ ገባ ማለት ነው።

ከድምፁ የተጣለው ነገርስ? አይሱዙ በከባድ ማርሽ ሊማሊሞን ሲወርድ ሞተሩ የሚያሰማው ጩኸት፣ ኤምፒ3 ከጣለው የበለጠ ይሸፍናል። ስለዚህ ተሳፋሪው የጎደለበት ነገር መኖሩን አያውቅም፤ ከጥራት አንጻር አልተጎዳም ብል ከእውነት አልርቅም።

በሹፌር ዓይን

ርካሽ ቴፕ የሚመርጥ ሹፌር የሚያነሣቸው ጥያቄዎች ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ነው። ሚኒባስና የቤት መኪና 12 ቮልት ሲሆኑ፣ አይሱዙን የመሰሉ የጭነት መኪኖች 24 ቮልት ናቸው። ለ12 ቮልት የተሠራ ቴፕ ያለ መቀነሻ ከተገጠመ ይቃጠላል፤ የመቀነሻው ዋጋ ደግሞ በመደርደሪያው ላይ ከተለጠፈው የቴፕ ዋጋ ውጪ ነው። ሁለተኛው የቦታ ጉዳይ ነው። በጀርመኖች መለኪያ የተሠራው የቴፕ ማስገቢያ ወርዱ 180፣ ከፍታው 50 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በብዙ የቶዮታ መኪኖች ወርዱ 200 ስለሚደርስ ክፍተቱን የሚሸፍን ፕላስቲክ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው በካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ነው። «4 ጊዜ 50 ዋት» የሚል ጽሑፍ ገዢን ይስባል። ነገር ግን በመኪና ባትሪ 14.4 ቮልት፣ በ4 ኦም ድምፅ ማጉያ፣ ተጨማሪ ኃይል ማሳደጊያ የሌለው ቴፕ ሳይንጫጫ ሊሰጥ የሚችለው ከፍተኛው 26 ዋት ገደማ ነው። ይህ የፊዚክስ ሕግ ነው፤ ማስታወቂያ አይለውጠውም። አራተኛው ፍላሹን የማንበብ ጉዳይ ነው። ርካሾቹ ቴፖች ኤምፒ3ን ሁሉም ያነባሉ፤ ሌሎች የፋይል ዓይነቶችን ግን ብዙዎቹ ይዘሉአቸዋል፤ ፍላሹም ፋት32 በሚባለው አሠራር ካልተዘጋጀ ባዶ ነው ይላሉ።

አሮጌ ቴፑን መቀየር ለማይፈልግም ሌላ መንገድ አለ። በሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካ አነስተኛ የኤፍ ኤም ማሰራጫ ፍላሹን አንብቦ ወደ መኪናው ሬዲዮ ይልካል። ከሁሉም ርካሹ ይህ ነው። ጣቢያዎች በተጨናነቁበት ከተማ ይረበሻል። የኤፍ ኤም ሞገድ ተራራ አልፎ መሄድ ስለማይሆንለት፣ የከተማው ጣቢያ በሚጠፋበት ገደል ውስጥ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል።

ማንም ገዢ የማያነሣው አምስተኛ ጥያቄ አለ፦ ይህ ቴፕ ፊደላችንን ያነባል ወይ?

ስሙ የት ቀረ?

በኤምፒ3 ፋይል ላይ ስም የሚጻፍበትን መለያ ኤሪክ ኬምፕ እ.ኤ.አ. በ1996 አዘጋጀ። በፋይሉ መጨረሻ የሚቀመጥ 128 ባይት ቦታ ነው፤ ከዚህም ለዘፈኑ ርዕስ 30፣ ለዘፋኙ 30፣ ለአልበሙ 30 ባይት ተመደበ። ለሙዚቃው ዓይነትም 80 ስሞች ያሉት ዝርዝር ወጣ፤ በዝርዝሩ ውስጥ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ የሉም፤ ሽለላና ቀረርቶም የሉም። ለእኛ የሚቀርበው «ኤትኒክ» የሚለው ነው። ፊደላችን ራሱ ወደ ዩኒኮድ የገባው ከ3 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው።

አሁን ነጋድራስ ተሰማን እናስታውስ። ዛሬ በስፋት በሚሠራበት የዩኒኮድ አጻጻፍ አንዱ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። በ30 ባይት ቦታ ውስጥ የሚገባው 10 ፊደል ብቻ ነው። «ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ» 11 ፊደልና 2 ክፍት ቦታ፣ በድምሩ 35 ባይት ነው። ድምፃቸውን በሸክላ ካስቀረጹ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አንዱ ሙሉ ስማቸው በዚህ ሳጥን ውስጥ አይገባም፤ ያው ስም በላቲን ፊደል ቢጻፍ ግን ቦታ ይተርፈዋል።

እርግጥ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የወጡት የመለያ ዓይነቶች ይህን ገደብ አስወግደዋል። በርካሹ ቴፕ መስኮት ላይ ግን ፊደላችን ዛሬም የጥያቄ ምልክት ወይም ባዶ ሣጥን ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ፍላሽ የሚሞሉ ወጣቶች የራሳቸውን መፍትሔ አበጁ፦ በላቲን ፊደል አሳጥረው ይጽፋሉ፣ አለዚያም በቁጥር ያልፉታል። በዚህ መንገድ ስሄድ ደጋግሜ ያስተዋልሁት ይህንኑ ነው። የወገራን ወይም የጃናሞራን ሰው ስም ጠርቶ የሚያወድስ ቀረርቶ ይሰማል፤ መስኮቱ ላይ ያለው «ትራክ 07» ነው። ዘፋኙ ማን እንደ ሆነ ረዳቱን ብትጠይቁት «ፍላሹ ላይ የነበረ ነው» ይላችኋል። መልሱ ትክክል ነው፤ ካሴት ስም ይፈልግ ነበር፣ ፍላሽ ግን አይፈልግም።

ሕግና ገበያ

የጎደለው የክብር ጉዳይ ብቻ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥራ አመንጪው ስሙ እንዲታወቅለት የመጠየቅ መብት፣ ለከዋኙና ለድምፅ ቅጂ አዘጋጁም የ50 ዓመት ጥበቃ ሰጥቷል። ነገር ግን መብት የሚጠየቀው በስም ነው። «ትራክ 07» ወደ ፍርድ ቤት አይሄድም፤ ክፍያም አይቀበልም። በ2011 ዓ.ም. ሙዚቀኞች ራሳቸው ያቋቋሙት አውታር የተባለው የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ ዘፈንን ከባለቤቱ ስም ጋር መልሶ ለማገናኘት የተደረገ ጥሩ ሙከራ ነበር። ሆኖም እንዲህ ያለው አገልግሎት የተረጋጋ ኔትወርክ ይፈልጋል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥና ለወራት ሲዘልቅ፣ ሙዚቃ ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፍበት ዋና መንገድ እንደገና ፍላሽ ሆነ። ስለዚህ ፍላሽን የሚያልፍ ዘመን ቅሪት አድርገን አንቁጠረው። ለደጋው መንገድ የዛሬ ቤተ መዛግብት እርሱ ነው፤ ጉድለቱ መዝገብ የሌለው መሆኑ ነው።

ምን እናድርግ?

ሹፌሩን ውድ ቴፕ ግዛ ማለት ከኑሮው ጋር አይሄድም፤ የእርሱ ምርጫ በቂ ምክንያት አለው። ሥራው የእኛ ነው። አንደኛ፣ በየቤታችሁ ያሉ ካሴቶች ሳይበላሹ ወደ ፋይል ይገልበጡ። ለጥናት የሚቀመጠው ቅጂ ሳይጨመቅ ይቀመጥ፤ ጆሮ በመኪና ውስጥ የማያጣው የማሲንቆ ሽርክት ለዜማ ተመራማሪ ያስፈልገዋልና። የሽፋኑ ወረቀትም በሁለቱም ገጽ ፎቶግራፍ ይነሣ። ሁለተኛ፣ የፋይሉ ስም በፊደላችንም በላቲንም ይጻፍ፤ ቴፑ አንዱን ቢያጣ ሌላውን ያነባል። ከስሙ ቀጥሎ ቦታውና ዓመቱ ይግባ። ሦስተኛ፣ ባለ ስም ያልሆኑትን ፋይሎች ይዛችሁ ወደ አዝማሪዎች፣ ወደ ቀድሞ ሙዚቃ ቤት ባለቤቶችና ወደ አንጋፋ ሹፌሮች ሂዱ። «ይህ የማን ድምፅ ነው?» ብሎ መጠየቅ ዛሬ ይቻላል። ድምፁን የሚለዩ ሰዎች በሕይወት አሉ፤ ፍላሹ ሲጠፋ ሌላ ይገለበጣል፣ የእነርሱ ትውስታ ግን ግልባጭ የለውም።

አዝማሪ ለሰው ስም ሲያወጣና ስም ሲያነሣ የኖረ ባለሙያ ነው። የራሱ ስም የሚጻፍበት 30 ባይት ቦታ ቢጠብበት፣ ቦታውን ማስፋት የተማረ ሰው ድርሻ ነው። በዚህ ረገድ የትኛውም የመመረቂያ ጽሑፍ ከመጀመሩ በፊት ሊሠራ የሚችል ሥራ ዛሬ ማታ በእጃችሁ ባለው ፍላሽ ላይ አለ።