«የመጨረሻው ደቂቃ ሬይሊ»

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 18 ቀን 1953፣ ለንደን፣ ዌምብሌይ። እንግሊዝ በኢቮር ብሮዲስ ሁለት ግቦች ስኮትላንድን 2 ለ 1 እየመራች ነው። የስኮትላንዱ ተከላካይ ሳሚ ኮክስ ተጎድቶ ወጥቷል፤ ተቀያሪ ማስገባት በማይፈቀድበት በዚያ ዘመን የቀሩት 10 ሰዎች ናቸው። ጨዋታው ሊያበቃ ሴኮንዶች ሲቀሩት ሎሪ ሬይሊ ኳሷን ከመረብ አገናኛት፤ 2 ለ 2። የመጀመሪያዋንም ግብ ያገባው እሱ ነበር።

«የመጨረሻው ደቂቃ ሬይሊ» የሚለው ስም አብሮት የኖረው በእንዲህ ያሉ ግቦቹ ነው።

ሬይሊ በ1928 በኤድንብራ ተወለደ። ያደገው በሃርትስ ክለብ ሰፈር ቢሆንም ከልጅነቱ ጀምሮ ልቡ የተቀናቃኙ የሂበርኒያን ነበር፤ በ1945 ለዚሁ ክለብ ፈረመ። በክለቡ የአጥቂ መስመር ከጎርደን ስሚዝ፣ ከቦቢ ጆንስተን፣ ከኤዲ ተርንቡልና ከዊሊ ኦርመንድ ጋር ሲሰለፍ ስኮትላንዳውያን «ዝነኞቹ አምስት» አሏቸው። አምስቱም ለሂበርኒያን በሊግ ጨዋታ እያንዳንዳቸው ከ100 በላይ ግቦች አግብተዋል። በአንድ ክለብ፣ በአንድ መስመር፣ በአንድ ዘመን! በ1951 እና በ1952 ሂበርኒያን በተከታታይ የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ።

ሦስተኛውን ተከታታይ ዋንጫ የነጠቃቸው ሒሳብ ነው። በ1953 ሂበርኒያንና ሬንጀርስ በእኩል 43 ነጥብ ጨረሱ። ዛሬ «የግብ ክፍያ» ስንል የምናሰላው በመቀነስ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ቃሉ እንደሚለው በእርግጥም ይካፈል ነበር፤ የገባው ግብ ለተቆጠረበት። ሂበርኒያን 93 አግብቶ 51 ተቆጠረበት፤ ሬንጀርስ 80 አግብቶ 39። ሲካፈል ሬንጀርስ በለጠ። ቢቀነስ ኖሮ ሂበርኒያን በ42 ለ41 ሻምፒዮን ይሆን ነበር። ከእነዚያ 93 ግቦች 30ዎቹ የሬይሊ ናቸው፤ ከዚህ በላይ ምን ሊያደርግ ይችል ነበር?

ያ ዓመት ሌላም መራራ ነገር ነበረው። ሬይሊ ገቢው ለእሱ የሚሆን የክብር ጨዋታ ጠይቆ ስለተከለከለ አዲስ ውል አልፈርምም አለ። በጊዜው ደንብ ክለቡ ካልለቀቀው ተጫዋች ውሉ አልቆም ቢሆን ሌላ ቦታ መሄድ አይችልም፤ ስለዚህ የአገሪቱ ምርጥ አጥቂ ለወራት ከሜዳ ውጭ ተቀመጠ። ጉዳዩ በስምምነት አልቆ ሲመለስ ደግሞ የሳንባ ሽፋን ሕመም ጣለው፤ የ1954ቱ የዓለም ዋንጫ አመለጠው። ያለ እሱ ወደ ስዊዘርላንድ የሄደችው ስኮትላንድ አንድም ግብ ሳታገባ በኦስትሪያ 1 ለ 0፣ በኡራጓይ 7 ለ 0 ተሸንፋ ተመለሰች።

ጉልበቱ ግን የባሰ ጠላት ሆነበት። በ1958፣ ገና በ29 ዓመቱ፣ ጉዳቱ ጫማውን አሰቀለው። ለብሔራዊ ቡድኑ 38 ጊዜ ተሰልፎ 22 ግቦች አግብቷል፤ ከእነዚህ አምስቱ እዚያው ዌምብሌይ የገቡ ናቸው። ሬይሊ በ2013 አረፈ። በሂበርኒያን ሜዳ በኢስተር ሮድ፣ ከአንደኛው ግብ ጀርባ ያለው የተመልካች መቀመጫ በአምስቱ ስም ይጠራል።