አሥር ሳንቲሜትር ፔጆ

ጠረጴዛዬ ላይ የቆመችው ፔጆ 404 ከጫፍ እስከ ጫፍ አሥር ሳንቲሜትር ከጥቂት ሚሊሜትር ናት። እውነተኛዋ ወደ 4 ሜትር ከ44 ሳንቲሜትር ትሆናለች፤ ለ43 ሲካፈል ይችው ትወጣለች። ስትመጣ ግራጫ ነበረች፣ ገና ያልተቀባች። የሁለት ምሽት ሥራ መስሎኝ ነበር። በሳሙና አጥቤ፣ በቁጥር 1000 የብርጭቆ ወረቀት አሽቼ፣ መሠረት ቀለም ሰጠኋት። ከላይ ነጩን አስቀደምኩ፤ ሲደርቅ በወረቀት ፕላስተር ሸፍኜ ከወገቧ በታች የሐረር ታክሲዎችን ሰማያዊ ቀባሁ። ፓራውልቷን በብር ቀለም አብለጨለጭኩት። ኮራሁባት።

ከዚያ ይዣት ሐረር ወጣሁ። ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ዕድሜውን በፔጆ መሪ ላይ ያሳለፈ አንድ አዛውንት ሾፌር መዳፉ ላይ አገላብጦ አያትና፣ ‹‹አቦ፣ ይቺማ ገና ጅቡቲ ወደብ ላይ ናት!›› አለኝ።

እውነቱን ነው። ይህ ጽሑፍም እሷን ከጅቡቲ አንስቶ ሐረር የማድረስ ሙከራ ነው።

ጅቡቲ እስከ እ.ኤ.አ. 1977 ድረስ በፈረንሳይ እጅ ነበረች። ከወደቧ የተነሳው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ። ወደ ሐረር ግን አልወጣም፤ ተራራው ለባቡር የሚመች አልነበረምና ከሥሩ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። የፈረንሳይ ዕቃ በዚህ በር ሲገባ ኖሯል። ፔጆም እንደ ጨርቁና እንደ ስኳሩ የዚሁ መስመር ልጅ ናት። 404 ሶሾ ከሚገኘው ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው፤ መልኳን የሳለው የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ነው። ከኋላ ሹል ብሎ የሚቆመው ክንፏ የዘመኑ ፋሽን ነበር። የፈረንሳይ ሰው እሑድ ለቤተሰቡ ሊነዳት የገዛትን መኪና ድሬዳዋና ሐረር ታክሲ አደረጓት።

ብሩሼን ይዤ ስቀመጥ ግን አንድ ጥያቄ አልለቅ አለኝ፤ ይቺ የስፖርት መኪና ናት ወይስ አይደለችም? መደርደሪያቸውን በፌራሪና በፖርሽ የሞሉ ሞዴል ሠሪዎች ባለ አራት በር የቤተሰብ መኪና ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። መልሴ ሁለት ነው። የመጀመሪያው የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 በዚያ ውድድር ከተነሱት 84 መኪኖች እስከ መጨረሻ የደረሱት 7 ብቻ ነበሩ፤ አንደኛ የወጣችው በኒክ ኖቪትስኪና በፓዲ ክሊፍ የተነዳች 404 ናት። በ1966ና በ1967 በርት ሻንክላንድና ክሪስ ሮዝዌል በ404 አሸነፉ። በ1968 እንደገና ኖቪትስኪና ክሊፍ፣ እንደገና 404፣ እንደገናም ለመጨረስ የበቁት 7 መኪኖች ብቻ። ጭቃና ድንጋይ የመረጣት መኪና ናት።

ሁለተኛው መልሴ ትንሽ ተንኮል አለበት። እ.ኤ.አ. በ1964 ፖርሽ አዲሷን መኪና 901 ብሎ ፓሪስ ላይ ሲያቀርብ ፔጆ ተነሳበት፤ መሀሉ ዜሮ የሆነ ባለ ሦስት አሃዝ ስም የኔ ነው አለ። ፖርሽ ዜሮውን ፍቆ አንድ ተካበት፤ 911 እንዲህ ተወለደች። እንግዲህ የ911ን ሞዴል በጥንቃቄ የሚቀባ ሁሉ የ404ን ዘመዶች ስም እያስታወሰ ይቀባ።

ወደ ቀለሙ ልመለስ። የመጀመሪያ ጥፋቴ ውፍረት ነበር። በ1 ለ43 መጠን አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር የምታህል ቀለም በእውነተኛው መኪና ላይ ከ4 ሚሊሜትር ትበልጣለች፤ ያ ቀለም መሆኑ ቀርቶ ልስን ይሆናል። የበሩ ስንጥቅ ይሞላል፣ የፊቱ ፍርግርግ ይደፈናል። ስለዚህ በቲነር አቅጥኖ፣ ደጋግሞ፣ በየመሀሉ እያደረቁ መቀባት ነው ደንቡ። ቀለሙም ራሱ ከእውነተኛው ፈዘዝ ማለት አለበት፤ ትንሽ ነገር ላይ ሙሉ ሰማያዊ ሲያርፍ ጥቁር ይመስላል።

ይህን እያሰብኩ በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ፣ ጁገል ውስጥ፣ ስዞር ነው ነገሩ የተገለበጠብኝ። ሐረር ውፍረትን አትፈራም። ቤቶቹ ከሐሺ ድንጋይ ተሠርተው በኖራ ይለሰናሉ፤ ለበዓል ደግሞ እንደገና ይቀባሉ፤ ነጭ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ሮዝ። በአሮጌው ላይ አዲሱ እየተደረበ የግድግዳው ማዕዘን እንደ ሳሙና ይሟሟል። በእጅ ሲነካ ሹል ነገር የለም። ጌይ ጋር ወደሚባለው የሐረሪ ቤት ሲገቡ መደቡና ወለሉ በቀይ አፈር ተለቅልቆ ይታያል፤ ቀዩ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይባላል። እዚህ ከተማ ቀለም ድርብርብ ነው፤ ከሥሩ ያለውን አይሰርዝም።

የሐረር ፔጆም እንዲሁ ናት። በተጋጨች ቁጥር ላሜራዋ ይቀጠቀጣል፣ ስቱኮ ይለጠፋል፣ እንደገና ትቀባለች። ሰማያዊው ከበር በር ይለያያል፤ አንዱ በር የሌላ ቀን ቆርቆሮ ነው። ሾፌሩ ‹‹ጅቡቲ ናት›› ያለኝ ለዚህ ነው፤ አራቱም በሮች አንድ ቀን የተወለዱ መንትዮች አድርጌያቸው ነበር። ስለዚህ አራት ሰማያዊ ለየብቻ በጠበጥኩ፤ አንዱ ላይ ነጭ፣ አንዱ ላይ ግራጫ፣ አንዱ ላይ የአረንጓዴ ጠብታ ጨምሬ። አራተኛውን እንዳለ ተውኩት። ኒኬሉን በደረቅ ብሩሽ አደከምኩት። ቡናማ ቀለም እንደ ውሃ አቅጥኜ በየስንጥቁ ለቀቅኩበት፤ ጥቁር እንዲሆን አልፈለግኩም፤ እዚህ አገር ጥላ የሚሠራው አቧራ ነው።

በመሀል ለሞዴሏ ክፍሎች ስም ስሰጥ ራሴን ታዘብኩ። መኪናዋ የፈረንሳይ ናት፤ እኔ ግን ኮፈን፣ ስፖኪዮ፣ ፍሬቻ፣ ቸርኬ እያልኩ በጋራዥ ጣሊያንኛ ነው የምቀባት። ሞተሯ ውስጥ ፒስተኑ የሚመላለስበት ተነቃይ ካሜቻም ስሙ ከጣሊያን ነው፤ ሲበላ ብቻውን ወጥቶ በመቀየሩ ነው ሞተሯ ይህን ሁሉ ዘመን የተነሳው። ስድቡ ብቻ የአገር ውስጥ ምርት ነው። ከሁሉ ደስ የሚለኝ ከጣሪያ በላይ ያለው የጭነት ማስቀመጫ፣ ፖርቶመጋላ ነው። ቃሉ ከጣሊያንኛ ተጣሞ የመጣ ነው፤ ሐረር ላይ ግን መጋላ ገበያ ማለት ስለሆነ ተጣሞም ትክክል ሆኗል። ለሞዴሌ ፖርቶመጋላ ከቀጭን የመዳብ ሽቦ አጥፌ ሠራሁላት፤ ላዩ ላይ ሁለት የክር ጥቅል ጆንያ መስለው ተቀመጡ።

የሽቦ መኪና የሠራ ልጅ ሁሉ ይህን ሥራ ያውቀዋል። እኛ 1 ለ43 የሚባል ነገር አናውቅም ነበር፤ ጎማው ቆርኪ ከሆነ መጠኑን የሚወስነው ቆርኪው ነው። በፈረንሳይ ቦቢኚ የነበረው የዲንኪ ቶይስ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ 404ን በትንሹ አውጥቶ ለልጆች ሲሸጥ፣ የእኛ ሰፈር ፋብሪካ ከቆርቆሮና ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ያወጣ ነበር። የእነሱ በሳጥን ተሽጎ ዛሬ ለሰብሳቢ ይሸጣል። የእኛ ክረምት ሲመጣ ይዝጋል።

አሁን መንገዷ ቀረ። የ404 ስፋት 1 ሜትር ከ62 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፤ በሞዴሌ ወደ 3.8 ሳንቲሜትር። የጁገልን ሰንጣቃ መንገዶች በካርቶን በዚሁ መጠን ብሠራ ብዙዎቹ ውስጥ አታልፍም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያሳጠሩት ግንብ አምስቱ ጥንታዊ በሮች ለሰውና ለጭነት ከብት የተለኩ ናቸው። መኪና የሚያስገባው በ20ኛው ክፍለ ዘመን የተከፈተው ሐረር በር ነው፤ ዱክ በር የሚሉትም አሉ። ከዚያ ቀጥ ያለው መንገድ ፈረስ መጋላ ያደርሳል፤ ፔጆ ለፈረስ ገበያ ወራሽ ሆና የቆመችው እዚያ ነው። ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ የሚወርደው መንገድ ስሙ መኪና ግርግር ነው፤ እንግዳ ሰው ታክሲ የሚበዛበት ይመስለዋል። መኪናው ግን የልብስ ስፌት ሲንጀር ነው፤ ግርግሩም ግራና ቀኝ የተቀመጡት ልብስ ሰፊዎች የሚያሰሙት ድምፅ።

ዛሬ የግንቡን ዙሪያ የያዙት ባጃጆች ናቸው። በጠባብ መንገድ የፔጆን ግማሽ ቦታ ይዘው ይዞራሉ፤ ነዳጅም ብዙ አይጠጡም። ማንም ሾፌር ለትዝታ ሲል ቤንዚን እንዲገዛ አልጠብቅም።

ሁለተኛ ጊዜ ይዣት ስሄድ አዛውንቱ መነጽሩን አደረገ። በሮቹን አንድ በአንድ አየ፣ ፖርቶመጋላውን በጥፍሩ ነካ፣ አቧራውን አሸተተው እንኳ ማለት ይቻላል።

‹‹ደንገጎን ወጥታለች›› አለ፤ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚያወጣውን አቀበት ማለቱ ነው። ከዚያ ፊቷን ወደ ራሱ አዙሮ ቆየ። ‹‹ልጄ፣ ባትሪ ቢሞትብህ በምን ታስነሳታለህ?››

የማኒቬላውን ቀዳዳ ረስቼዋለሁ። ከፊት፣ ወደ ታች፣ ብረቱ ገብቶ በእጅ የሚጠመዘዝበት። ከመርፌ ጫፍ የማይበልጥ ቀዳዳ ነው፤ ዛሬ ማታ እበሳዋለሁ።