ቤቱ ቁይ፣ ባለቤቷ አዲስ አበባ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ ቤት ነው። ቤቱ ያለው ቁይ ነው። ቁይን ያላያችሁ ብትኖሩ፣ በምሥራቅ ጎጃም የደባይ ጥላትግን ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ የጮቄ ብርድ የማይለያት ደገኛ ከተማ፣ ሐምሌ ሲገባ ጭቃዋ ጫማ የሚያስወልቅ፣ ጥቅምት ሲጠባ ደግሞ ሰማይዋ ጥርት የሚል። ቤቱ የጭቃ ቤት ነው፤ የጭቃ ቤት ስላልኳችሁ ግን እንዳትንቁት። ባሕር ዛፉ በወቅቱ ተቆርጦ የደረቀ፣ ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ቦክቶና ሰንብቶ የተመረገ፣ ፊት ለፊት ሰፊ ሳሎን ያለው፣ ከጓሮው ደግሞ ሰርቢስ ክፍሎች በረድፍ የተሠሩለት የወግ ቤት ነው።

ያሠሩት አባወራ እህል ነጋዴ ነበሩ፤ ደብረ ማርቆስም ለአስተማሪ የሚያከራዩት ሌላ ቤት ነበራቸው። ከዚያ 1967 መጣ፤ ሐምሌ 19 ቀን በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፣ ኪራዩ እስከ መቶ ብር የሆነው ለቀበሌ፣ ከዚያ የበለጠው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጠ፣ የእኒህ ሰው የማርቆስ ቤትም ትርፍ ተባለና ሄደባቸው። ከዚያ ወዲህ እህል ነጋዴው ወረቀት ጠሉ። የቁዩን ሰርቢስ ኋላ ላይ፣ ዘመኑ ሲለወጥ፣ ማከራየት ሲጀምሩ እንኳ በቃል ብቻ ነበር፤ “ወረቀት አንድ ቀን ባለቤቱን ያስወጣል” ይሉ ነበር፣ ልጆቻቸውም ይህንኑ እየሰሙ አደጉ። እኔ አልፈርድባቸውም። በአንድ ቀን አዋጅ ቤቱን የተነጠቀ ሰው ለማኅተም ፍቅር ሊኖረው አይችልም።

አባትየው አረፉ፣ ዓመታት አለፉና እናትየውም ተከተሏቸው፣ ቤቱም ለሁለት ልጆች ቀረ። ታላቂቱ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ ኮልፌ ትኖራለች፣ ሠፈርተኛው ሁሉ “ሲስተር” ነው የሚላት፣ እኛም እንዲሁ እንበላት። ታናሽ ወንድሟ ቨርጂኒያ ከገባ ቆይቷል። ቤቱን ደግሞ የአጎታቸው ልጅ ያይላቸው ጀመር፤ ሲስተር “አያ” ትለዋለች፣ አያ እያለች ነው ያደገችው። አያ ኪራይ ይሰበስባል፣ ሲመቸው በባንክ ይልካል፣ ሳይመቸው ይዘገያል፣ ለድካሙ አምስት ሳንቲም አይቀበልም። “ለገዛ ቤቴ?” ይላል።

ተከራዮቹን ካላወቃችሁ ነገሩ አይገባችሁም። ፊተኛው ቤት መምህራን አሉበት፤ ሰርቢሶቹን ግን የያዙት ከገጠር ለትምህርት የመጡ ልጆች ናቸው። በጎጃም ከተሞች ያደገ ሰው ያውቃቸዋል፦ እሑድ ከሰዓት በኋላ ድርቆሹን፣ በሶውን፣ ሽሮውን በከረጢት ተሸክመው ወይም በአህያ አስጭነው ከተማ ይገባሉ፣ ሦስትና አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይይዛሉ፣ ዓርብ ሲደርስ ስንቁ ያልቅና ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው ተመልሰው ወደ እናታቸው ቤት ይሄዳሉ። ኪራያቸውን አባቶቻቸው ጤፍ ሲሸጡ ይከፍላሉ፤ ጤፉ ካልተሸጠ አይከፍሉም።

እናም ከቁይ የሚመጣው ገንዘብ እየሳሳ ሄደ። ሲስተር ስንት ክፍል ተከራይቶ ስንቱ ባዶ እንደሆነ ማወቅ ፈለገች፤ ግን እንዴት አድርጋ ትጠይቅ? ገንዘብ ያልተከፈለውን ሰው “ሒሳብ አምጣ” ማለት ሌባ ነህ እንደማለት ሊሰማው ይችላል። “ከዘመድ ጋር ብላ ጠጣ እንጂ አትነግድ” ሲባል ሰምታለች፤ እሷ ግን እየነገደች መሆኑን ራሱ አላሰበችውም ነበር።

ወንድሟ በስልክ ነገሩን ሲሰማ ሳቀ። “እዚህ አገር እኮ ለዚህ የቆመ ኩባንያ አለ” አላት፤ “ተከራይ ያመጣል፣ ኪራይ ይሰበስባል፣ ቧንቧ ያስጠግናል፣ ከመቶ ስምንትም አሥርም ይወስድና ቀሪውን ሒሳብህ ውስጥ ያስገባል። አንቺም እንደዚያ ያለ ሰው ፈልጊ።” እሷም “ቁይ ላይ?” አለችው፤ እሱም ዝም አለ፣ ከዚያ “እስቲ ሄደሽ እዪው” አላት።

ሰኔ 2014 ነበር። ሲስተር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ነጠላዋን ደርባ አውቶቡስ ተሳፈረች፣ የሱሉልታንም የፍቼንም ብርድ በመስኮት እያየች አለፈች፣ ጎሃ ጽዮን ሲደርሱ ሹፌሩ ማርሽ ለወጠና ዓባይ በረሃን መውረድ ጀመሩ፣ ሲወርዱ ሙቀቱ እየጨመረ ሄዶ ሰው ሁሉ ጋቢውን አወለቀ፣ ጃፓኖች ያሠሩትን የሕዳሴ ድልድይ ተሻገሩ፣ ከዚያ ያንን ሁሉ ዳገት እያቃሰቱ ወጥተው ደጀን ሲገቡ ጉሙ መስኮቱ ላይ ተለጠፈ፣ ያወለቁትንም ጋቢ መልሰው ለበሱ። ደጀን ላይ ሽሮ በልታ መኪና ለወጠችና ቁይ ስትደርስ ሰማዩ ጠቁሮ፣ ዝናቡ ሊወርድ ሲያጉረመርም ነበር።

አያ ዣንጥላ ይዞ ጠበቃት፣ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፣ እናቷን እያነሱ ተላቀሱ፣ ከዚያ ወደ ቤቱ ሄዱ። እሷም ቤቱን በሽተኛ ሲያይ በኖረ ዓይኗ እየዳበሰች አየችው። አሸንዳው በባሕር ዛፍ ቅጠል ተጠቅጥቆ ውኃው በግድግዳው ላይ ይወርዳል፣ ከጓሮ በኩል ምርጉ ረግፎ ማገሩ ወጥቷል፣ የመጨረሻዋ ሰርቢስ ውስጥ የቆርቆሮው ሚስማር ላልቶ ጠብታውን ሳፋ ይቀበላል። በዚያች ክፍል ሦስት ልጆች አሉ፤ አልጋቸው አንድ መደብ ናት፣ የድርቆሹ ከረጢት አይጥ እንዳያገኘው ከጣራው ላይ በገመድ ተንጠልጥሏል፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ በከሰል የሒሳብ ቀመር ተጽፏል፣ የፈሰሰው ውኃ ግማሹን ቀመር አጥቦታል። ልጆቹ ሲያዩዋት ተነሥተው ቆሙ። አንደኛው ቶሎ ብሎ “ኪራዩን አባቴ ለመስቀል ይልካል” አላት፤ እሷ ግን ገና ምንም አልጠየቀችም ነበር።

ማታ እሳት ዳር ተቀምጠው አያ ራሱ አወጣው። የእነዚህን ልጆች ኪራይ ለወራት ሳይቀበል ቀርቷል፤ አባታቸውን ያውቀዋል፣ ልጆቹን በክረምት ላስወጣ ቢል ሰው ምን ይለኛል አለ። ለሚስማርና ለጭቃ ሠሪ ደግሞ ገንዘብ አጣ፣ ከሚልክላት ላይ ቀንሶ ቢያሠራ የሰረቀ ይመስልብኛል ብሎ ፈራ፣ ስለዚህ ቤቱም ፈሰሰ፣ እሱም ዝም አለ። ሒሳቡ ሁሉ በሆዱ ነው፤ የተጻፈ ነገር የለም። አንዲት ሳንቲም አልነካም። እንዲህ ያለው ሰው ሌባ ከሆነው ይልቅ ያስቸግራል ብትሉኝ እስማማለሁ፤ ሌባውንስ ታባርሩታላችሁ።

በማግሥቱ አንድ ደላላ መጣ። ጥሩ ልብስ የለበሰ፣ አንደበተ ርቱዕ ሰው ነው። ልጆቹ ይውጡ አለ፣ ሰርቢሶቹ በሲሚንቶ ይለሰኑና የባንክና የጤና ጣቢያ ሠራተኛ አስገባባቸዋለሁ አለ፣ ሁሉንም እኔ እጨርሳለሁ፣ አንቺ ብቻ ሙሉ ውክልና ስጪኝ አለ። “የመሸጥ የመለወጥም ይጨመርበት፤ ድንገት ቢያስፈልግ” አለ። ሲስተር ቡናዋን አስቀመጠችና “ምን ሲያስፈልግ?” አለችው። ደላላው መልስ አልነበረውም።

ስለ ውክልና ጥቂት ልበላችሁ፤ በዚህ ነገር ብዙ ቤት ፈርሷል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ጠቅላላ ውክልና የሚሰጠው የማስተዳደር ሥልጣን ብቻ ነው ይላል፤ ቤት መጠበቅና መጠገን፣ ኪራይ መሰብሰብ፣ ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየት በዚያ ውስጥ ይገባሉ። ለመሸጥና በዋስትና ለማስያዝ ግን ያ ተብሎ የተሰጠ ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል። ሰው “ሁሉም ይኑርበት” ብሎ የሚያስጽፋት ያቺ አንዲት መስመር ናት ቤት ይዛ የምትሄደው። ወካይ በፈለገ ጊዜ ውክልናውን ይሽራል፤ ተወካይም ስለ ሥራው ሒሳብ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ይህን ያለው ሕጉ ራሱ ስለሆነ፣ ሒሳብ መጠየቅ ከስድብ ሊቆጠር አይገባም።

ሲስተር ይህን ሁሉ እያሰላሰለች ሳለ ዓይኗ ከአጥር ማዶ ባሉ ጎረቤት ላይ አረፈ። እኒህ ሴት ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው፤ የየትኛው ልጅ አባት የት ቀበሌ እንደሆነ፣ ማን ክፍል እንደደገመ፣ ማን ደርሶ መምህር እንደሆነ በቃላቸው ያውቃሉ። የራሳቸውን ወተት ሽያጭ እንኳ በደብተር ይጽፋሉ። “እትዬ” አለቻቸው ሲስተር፣ “ቤቱን በደመወዝ ያዙልኝ።” እትዬም መጀመሪያ “በደመወዝ? ለናትሽ ቤት?” ብለው ደነገጡ፣ ከዚያ ግን ትንሽ አሰቡና “አያስ?” አሏት።

ዋናው ጥያቄ እሱ ነበር። አያን ሳያዋርዱ እንዴት ይቀየራል? ሁለት ሽማግሌዎች ተጠሩ፣ ጠላ ቀረበ፣ ስለ ዝናቡና ስለ ማዳበሪያ ዋጋ ብዙ ተወራ፣ እንዲህ ያለው ነገር በቀጥታ አይጀመርም፣ ከዚያ ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና “ልጄ፣ አንተ ጭቃና እንጨት ታውቃለህ፤ ገንዘብ መጠየቅ ግን አይሆንልህም” አሉት። አያም አንገቱን ደፋ፣ ቆየና “እውነት ነው፤ እኔም ደክሞኝ ነበር” አለ። የዚያን ጊዜ ሲስተር የማታውቀውን እፎይታ ፊቱ ላይ አየች።

እንዲህ ሆነ ውሉ። እትዬ ኪራይ ይሰበስባሉ፣ በካርኒ ይቀበላሉ፣ በደብተር ይጽፋሉ፤ ጥገና ሲኖር አያ ይሠራል፣ የእጁም ዋጋ ይከፈለዋል፤ ሚስማርና ጭድ የመሰለው ትንሽ ወጪ ሳይጠየቅ ይወጣል፣ ትልቁ በስልክ ይመከርበታል። የገጠር ልጆቹ ይቆያሉ፤ ኪራያቸው ግን በወር ሳይሆን በመከርና በሚያዝያ ገበያ፣ ጤፍ ሲሸጥ፣ ይከፈላል፤ ይህን የጠቆሙት እትዬ ናቸው፣ እስካሁን የጎደለው ብልሃት ይኼው ይመስለኛል። ወንድምየው ዋሽንግተን ኤምባሲ ሄዶ ለእህቱ ሌላ ሰው የመወከል ሥልጣን ያለበት ውክልና ሰጠ፣ እዚህ ደርሶ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋገጠ፣ እሷም ለእትዬ የማስተዳደሩን ብቻ ቆርሳ ሰጠች፤ የመሸጥ የመለወጥ የሚለው ቃል የለበትም።

የተከራከሩት በአንድ ነገር ነው፤ በክፍያው። ወንድምየው እንደ አሜሪካኖቹ ከኪራዩ በመቶኛ ይሁን አለ፤ ቤቱ ሲሞላ እንዲተጉ። እህትየው ቁርጥ ደመወዝ ይሁን አለች፤ በመቶኛ ከሆነ ድርቆሽ የሚበላው ልጅ ወጥቶ የባንክ ሠራተኛው እንዲገባ እትዬን ራሳችን እየገፋፋናቸው ነው፣ ከዚያ ከደላላው በምን ይለያሉ አለች። ታላቅ ናትና እሷ ያለችው ሆነ።

አንድ ዓመት በሰላም ሄደ። በየወሩ የደብተሩ ገጽ በእትዬ እህት ልጅ ስልክ ፎቶ ይነሣና በቴሌግራም ይመጣል፤ ሲስተር መነጽሯን አድርጋ ታነበዋለች፣ ለወንድሟም ትልከዋለች። አሸንዳው ተጠረገ፣ ቆርቆሮው ተመታ፣ የጓሮው ግድግዳ እንደገና ተመረገ።

ከዚያ የሆነውን እናንተም ታውቁታላችሁ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ከረመ፣ በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤት ተማሪ ሳይቀበል ቀረ። ፎቶው ቀረ። ሲስተር ዓባይን ተሻግሬ ልይ ብትል ልጆቿ ከለከሏት። በመጋቢት 2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ጸደቀ፣ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ይሁን፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይብለጥ የሚል፤ አዲስ አበባ ስለሱ ስትከራከር የቁዩ ቤት ሰርቢሶች ባዶ ነበሩ። ልጆቹ ስንቃቸውን ይዘው አልመጡም።

እትዬ ግን ኔትወርክ በተገኘ ቀን ይደውላሉ፣ ደብተሩን ይከፍቱና በስልክ ያነቡላታል፤ ገቢ ከመምህራኑ ቤት ይህን ያህል፣ ከሰርቢስ የለም፣ ወጪ ሚስማር፣ ወጪ የአያ የእጅ ዋጋ። አንድ ወር መምህራኑም ደመወዝ ዘግይቶባቸው ገቢው ባዶ ሆነ። ሲስተር ይህን ለወንድሟ ስታነብለት፣ “ኪራይ ከሌለ ደመወዙ ከምን ይከፈላል?” አላት፤ እንደ ክፋት አይደለም፣ የሚኖርበት አገር ሒሳብ እንዲያ ስለሆነ ነው። እሷም “ቤቱ ባዶ ሲሆን ነው እኮ ጠባቂ የሚያስፈልገው” አለችው፤ “ማን እንደሚገባበት፣ ማን በር እንደሚነቅል በምን ታውቃለህ? እሳቸው ማታ ማታ ወጥተው ቁልፉን እየነኩ ይመለሳሉ።”

ወንድምየው ትንሽ አጉረመረመ፣ ከዚያ ግማሹን ላከ። የዚያን ወር የእትዬን ደመወዝ ሁለቱ ከኪሳቸው ከፈሉ፤ የሚቀጥለውንም እንዲሁ።