ማከማቻው የት ይሁን? የቨርቹዋል ማሽንና የጋራ መረብ ማከማቻ ታሪክ፣ ከማጂ አካባቢ አኳያ

እ. ኤ. አ. በ2004 በሳተላይት የሚተላለፈው የቴሌቪዥን ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተጀመረ ጊዜ፣ መምህሩና ተማሪው «ፕላዝማ» ብለው የጠሩት መሣሪያ በየክፍሉ ተሰቀለ። ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ፣ ከአንድ ማዕከል በተወሰነ ሰዓት ለአገሪቱ ሁሉ ይተላለፍ ነበር። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ አብዛኛውን የሚወስደው የቴሌቪዥኑ አስተማሪ ሲሆን፣ ለክፍሉ መምህር የቀረው ጥቂት ደቂቃ ለማስተዋወቂያና ለማጠቃለያ ብቻ የሚበቃ ነበር። ስለዚሁ ትምህርት ብዙ ተጽፏል፤ የንግግሩ ፍጥነትና የእንግሊዝኛው ክብደት በሰፊው ተተችቷል። ይህ ጽሑፍ ግን የሚያተኩረው ብዙም ባልተነሣ ሌላ ነጥብ ላይ ነው። ይኸውም ትምህርቱ በትምህርት ቤቱ ውስጥ የሚቀመጥበት ቦታ ያልነበረው መሆኑ ነው። መብራት ከጠፋ፣ ወይም ተማሪው ካልገባው፣ መምህሩ ስርጭቱን ሊያቆመው ወይም ወደ ኋላ ሊመልሰው አይችልም ነበር። ዝናብና መብረቅ በሚበዛበት በደቡብ ምዕራብ አገራችን፣ ከማጂ ተራሮች እስከ ቴፒ ቆላ፣ ይህ ጉድለት ከሌላው ሥፍራ ይልቅ የሚከብድ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት፣ ኮምፒዩተር ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን እንደሚያከናውን ማስታወስ ይጠቅማል፤ አንደኛው ማስላት፣ ሁለተኛው ማስቀመጥ ነው። ያለፉት 60 ዓመታት የሰርቨር ታሪክ በአመዛኙ እነዚህን ሁለቱን የመለያየት ታሪክ ነው ቢባል ከእውነቱ አይርቅም።

እ. ኤ. አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ካምብሪጅ የሚገኘው የአይ. ቢ. ኤም. የምርምር ማዕከል ሲፒ-67 የተባለውን ፕሮግራም ሠራ። ፕሮግራሙ አንዱን ውድ ኮምፒዩተር ከፋፍሎ፣ እያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱ የሆነ ሙሉ ኮምፒዩተር ያለው እንዲመስለው ያደርግ ነበር። ቨርቹዋል ማሽን የተባለውም ይኸው በፕሮግራም የተሠራ ኮምፒዩተር ነው። በ1972 ቪኤም/370 በሚል ስም ለገበያ ቀረበ። ያን ጊዜ የማስላቱም የማስቀመጡም ሥራ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ስለነበር «ማከማቻው የት ይሁን?» የሚል ጥያቄ አልተነሣም። ጥያቄውን ያመጡት በ1980ዎቹ የተስፋፉት ትናንሽ ኮምፒዩተሮች ናቸው። እያንዳንዱ የራሱን ዲስክ ይዞ ስለመጣ፣ አንዱ ሰነድ በአሥር ቢሮ አሥር መልክ ያዘ። ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለው ኩባንያ በ1984 ኤንኤፍኤስ የተባለውን ዘዴ ያወጣው ለዚህ ነው። በዚህ ዘዴ አንድ ኮምፒዩተር በሌላው ላይ የተቀመጠውን ፋይል የራሱ እንደሆነ አድርጎ ያነባል፣ ይጽፋልም።

ሁለቱ የታሪክ ጅረቶች የተገናኙት በአዲሱ ምዕተ ዓመት መግቢያ ላይ ነው። በ1998 የተቋቋመው ቪኤምዌር በ2001 የሰርቨር ምርቱን አወጣ፤ በ2003 ደግሞ በሥራ ላይ ያለ ቨርቹዋል ማሽን ሳይቋረጥ ከአንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው እንዲዛወር አስቻለ። ይህ የሆነው ቨርቹዋል ማሽኑ ራሱ፣ ከነዲስኩ፣ ጥቂት ፋይሎች ብቻ በመሆኑ ነው። ፋይሎቹ ሁለቱም ሰርቨሮች በሚያዩት የጋራ ማከማቻ ላይ ካሉ፣ ማዛወር ማለት የማስላቱን ሥራ ብቻ ከአንዱ ተቀብሎ ለሌላው መስጠት ነው። ይሁንና የዚያን ጊዜው የጋራ ማከማቻ ፋይበር ቻነል የተባለ፣ የራሱ መስመርና የራሱ ማከፋፈያ የሚያስፈልገው፣ ዋጋው ከፍ ያለ መሣሪያ ነበር። በ2004 አይስካዚ የተባለው ደንብ ወጣ፤ ከ2006 ጀምሮ የቪኤምዌር ሰርቨር አይስካዚንም ኤንኤፍኤስንም ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ በማንኛውም ቢሮ የሚገኘው ተራ የኢተርኔት ገመድ በቂ ሆነ። ታሪክ ጸሐፊዎች የ2003ቱን ያወድሳሉ፤ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ግን በጀታቸው ጠባብ ለሆነ ተቋሞች የ2006ቱ ይበልጣል።

አገናኙ እንዴት እንደሚከናወን ጥቂት ማብራራት ያሻል፤ በፕላን ሰነድ አንድ መስመር የሚይዘው ሥራ በተግባር ቀን ሊፈጅ ይችላልና። በኤንኤፍኤስ ሲሆን፣ ማከማቻው አንድ ማኅደር ለይቶ በአድራሻቸው ለታወቁ ሰርቨሮች ብቻ ይከፍታል፤ ሰርቨሩም በማከማቻው ስምና በማኅደሩ መንገድ ይጠራዋል። ሁሉም ሰርቨሮች በአንድ ዓይነት ስም ሊጠሩት ይገባል። አንዱ በቁጥር አድራሻ፣ ሌላው በስም ከጠራው፣ ያው አንዱ ማከማቻ እንደ ሁለት ይቆጠርና ማዛወሩ ይከለከላል። ሌላው የተለመደ እንቅፋት የሥልጣን ጉዳይ ነው። ማከማቻው በልማዱ ከውጭ የሚመጣውን የበላይ ተጠቃሚ ተራ እንግዳ አድርጎ ስለሚያየው፣ ሰርቨሩ ማንበብ ችሎ መጻፍ ያቅተዋል፤ ይህ በማከማቻው በኩል ታውቆ ሊፈቀድ ይገባል። በአይስካዚ የሚቀርበው ግን ፋይል ሳይሆን ባዶ ዲስክ ነው። የፋይሎቹን መዝገብ የሚይዙት ሰርቨሮቹ ራሳቸው ስለሆኑ፣ ተራ ጠብቀው የሚጽፉበት ለጋራ አጠቃቀም የተሠራ የፋይል ሥርዓት ከሌለ፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው ይደመስሰዋል። ሁለት የመዝገብ ቤት ሠራተኞች ሳይተያዩ በአንድ ባሕር መዝገብ ላይ ቢጽፉ የሚሆነውን ማሰብ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ርቀት ነው። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን፣ ደርሶ መልሱ ግማሽ ሚሊሴኮንድ ነው። ከሚዛን ተፈሪ እስከ አዲስ አበባ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከ5 ሚሊሴኮንድ አያንስም። በምድር ወገብ ላይ በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ በቆመ ሳተላይት ከሆነ ግን፣ ጥያቄው ሄዶ መልሱ እስኪመጣ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ያልፋል። አንድ ቨርቹዋል ማሽን ሲነሣ 10,000 ጊዜ ተራ በተራ ከዲስኩ ያነባል እንበል። ማከማቻው በቴፒ ቢሆን በመንገድ የሚጠፋው 5 ሴኮንድ፣ በአዲስ አበባ ቢሆን 1 ደቂቃ ገደማ ነው፤ በሳተላይት ከሆነ 5,000 ሴኮንድ፣ ማለትም 83 ደቂቃ ይሆናል። ሁለት ክፍለ ጊዜ አልፎ ማሽኑ ገና አልተነሣም ማለት ነው። መስመሩ ጨርሶ ቢቋረጥ ደግሞ ማሽኑ ወዲያው አይጠፋም፤ ዲስኩን እየጠበቀ ባለበት ይቆማል፣ ያልተጻፈው ውጤትም በአየር ላይ ይቀራል።

በአገራችን የመረቡ ታሪክ የጀመረው በእንዲህ ያለው የሳተላይት መስመር ነበር። ከ1990ዎቹ አጋማሽ (ዓ. ም.) ጀምሮ ወረዳኔት የወረዳ አስተዳደሮችን፣ ስኩልኔት ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ለማገናኘት ተዘረጉ። በኋላም በሁለተኛው ምዕራፍ የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም፣ የቨርቹዋል ማሽን ማዕከሎችን በዩኒቨርሲቲዎች አቋቁሞ በዙሪያቸው ያሉትን ትምህርት ቤቶች ከእነርሱ የማገናኘት ሐሳብ ቀረበ። ሐሳቡ ከፕላዝማው አንድ እርምጃ የቀደመ ነው፤ ማከማቻውን ከአንድ ማዕከል አውጥቶ ወደ ክፍለ ሀገሩ ያቀርባልና። በ1999 ዓ. ም. የተቋቋመው ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በሁለት ከተማ የተከፈለ መሆኑ ለፕላን ባለሙያ ጥሩ የመመርመሪያ ምሳሌ ነው። ከላይ በቀረበው ስሌት መሠረት በሁለቱ ከተሞች መካከል አንድ ማከማቻ በጋራ መጠቀም በጊዜ በኩል ይቻላል። ነገር ግን የአንድ ገመድ መበጠስ አንዱን ግቢ ያለ ዲስክ ያስቀራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ግቢ የራሱ ማከማቻ ኖሮት፣ የአንዱ ግልባጭ ሌሊት ሌሊት ወደ ሌላው ቢተላለፍ ይሻላል።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የቤበቃና የቴፒ ቡና አምራች እንደሚያውቀው፣ ለእጥበት የታሰበ እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ይበላሻል፤ ስለዚህም መፈልፈያው ከማሳው አይርቅም። የደረቀው ቡና ግን ሳምንት ቢጓዝም አይጎዳውም፤ መጋዘኑ አዲስ አበባ ቢሆን ግድ የለም። በሥራ ላይ ያለ ዲስክ እንደ እሸቱ፣ ግልባጩ እንደ ደረቁ ነው።

የመዝገብ ጉዳይም አለ። ማጂ በዘመኑ የከፋ ክፍለ ሀገር አውራጃ ነበረች፤ ቀጥሎ በደቡብ ክልል በቤንች ማጂ ዞን፣ ዞኑ ከተከፈለ በኋላ በምዕራብ ኦሞ ዞን ሥር ሆነች፤ ከ2014 ዓ. ም. ወዲህ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ትገኛለች። በእያንዳንዱ ለውጥ የተማሪው ውጤት መዝገብ አዲስ ባለቤት ይፈልጋል። በጋራ ማከማቻ ላይ ያለ መዝገብ አስተዳደሩ ቢለወጥ ቦታውን መልቀቅ የለበትም፤ የሚለወጠው የመክፈት ፈቃዱ ብቻ ነው። ሆኖም የጋራ ማከማቻ ግልባጭ አይደለም። አሥር ቨርቹዋል ማሽኖች የተደገፉበት አንድ መሣሪያ ሲበላሽ አሥሩም አብረው ይወድቃሉ። በደቡብ ምዕራብ መብራት በሚቋረጥበት ሁኔታም፣ ከሰርቨሩ አስቀድሞ ባትሪ ሊሰጠው የሚገባው ማከማቻው ነው፤ መብራት ሲመለስም በመጀመሪያ መነሣት ያለበት እርሱ ነው፤ ሰርቨሮቹ ቀድመው ቢነሡ ፋይላቸውን አያገኙምና።

ወደ ፕላዝማው ትምህርት እንመለስ። የ30 ደቂቃ ትምህርት በሴኮንድ 1 ሜጋቢት ቢቀረጽ 225 ሜጋባይት ይሆናል። ሰባት የትምህርት ዓይነቶች፣ አራት የክፍል ደረጃዎች፣ ለእያንዳንዱም በዓመት 100 ክፍለ ጊዜ ብንወስድ 2,800 ትምህርቶች ናቸው፤ በጠቅላላው 630 ጊጋባይት። ይህ ዛሬ በአንድ ባለ 1 ቴራባይት ዲስክ ላይ ይጠቃለላል፤ ዲስኩም በማጂ በአንድ ትምህርት ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከአንድ ትንሽ ሰርቨር አጠገብ ሊቀመጥ ይችላል። መምህሩም ትምህርቱን በፈለገበት ደቂቃ ያቆመዋል።